ሁለት መቶ በሃምሳ ሰባት

በሰሜን ዌልስ ነው፣ ከተራራው ግርጌ፣
ሠላሳ ዓመት የኖርኩት፣
ለሰው ቤት ክዳን ጥቁር ድንጋይ ፈልጌ።
መንደሩ ቤተሳይዳ፤ በጸሎት ቤቱ ስም፤
መልአክ አይወርድበት፣ መጠመቂያም የለም፤
ውሃ ግን አላጣን፣
ሰኞም ይዘንባል፣ እሑድም አያባራም።

ከዕቃ ቤቴ ጥግ፣ ከመሰላሉ ሥር፣
እንደ መጻጉዕ ተኝቷል የተራራ ብስክሌቴ፣
አሥራ ስምንት ዓመት ወስዶ የመለሰኝ፣ ከገደል እስከ ቤቴ።
አጥንቱ ደህና ነው፤ ቀለሙ ነው የተላጠ፤
ሕመሙ ከወገቡ፤ የኋላ አሞርዛተሩ ዘይቱን ያነባል፤
ስቀመጥበት ጊዜ «እህህ...» ብሎ አብሮኝ ተቀመጠ።

ለሠሪው ደወልኩኝ፤ አንዲት ድምፀ መልካም
«ያንን ከተውነው ቆየን፤ መለዋወጫ የለም፤
አዲሱን ግዛና...» የቀረውን አልሰማሁም።
ስልኩን አስቀምጬ ዘወር ብዬ ሳየው፣
«ሰው የለኝም» አለኝ።
ሰው ፍለጋ ወጣሁ፣ በትከሻዬ ተሸክሜው።

ሄሌድ ናት ባለሙያዋ፤ ከድልድዩ ማዶ፣ ከሥጋ ቤቱ ጎን፤
ጥፍሯ ሥር ግራሶ፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ። ፈታችው ቡሎኑን፣
እንደ ወጌሻ እጅ ዳበሰችው ጎኑን፤
ከዓይን እስከ ዓይን ለካች፣ ከላይኛው ቀዳዳ እስከ ታችኛው ድረስ፦
«ርዝመቱ ሁለት መቶ።»
ተጨምቆ የሚገባው? «ሃምሳ ሰባት ሚሊ፣ ከጫፍ እስኪደርስ።
ይህ ልክ ዛሬ የለም፤ ፋብሪካው ልክ ቀይሯል።»

ኢድዋል ጎረቤቴ፣ ዝናብ ሊያሳልፍ ከበሩ የቆመ፣
ምክር አያልቅበትም፤ «ረዥሙን ግጠሚለት፣
ሁለት መቶ ሠላሳውን! አውራ በግም ያምራል ቀንዱ ከረዘመ።»
ሄሌድ ቀና ሳትል፣ «ቀንድማ ይረዝማል፤
በሩ ነው የሚጠብ።
ጎማው ሽቅብ ሲመጣ ከመቀመጫው ቱቦ ሄዶ ይላተማል፤
ፊቱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ መሪው ይለግማል።»

«ይልቅ ምረጥ» አለች፣ «አየር ነው ወይስ ሞላ?
አየሩ ቀሊል ነው፣ በፓምፕ ትነፋዋለህ፤
ቁልቁለት ሲረዝም ግን ይሞቃል፣ ሌላ ጠባይ ያመጣብሃል።
ሞላው ይከብዳል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው፣ ከአፋፍ እስከ ወንዙ።
ብቻ እውነት ይፈልጋል።
ስንት ነው ኪሎህ?»

«ሰማንያ ሁለት» አልኩ፣ ፈጠን ብዬ።
ኢድዋል ሳለ።

ምንም አልተናገረች፤ ከጠረጴዛው ሥር ሚዛን ጎትታ አወጣች።
ዘጠና አራት።
«ቦቲ ጫማዬ ነው፣ ርሷል» አልኳት። አስወለቀች።
ዘጠና ሦስት።

አሥራ አንድ ኪሎ!
መቼ ተሳፈረ ይሄ የማላውቀው ሰው፣
ቲኬት ሳይቆርጥ፣ ሳያስፈቅድ፣
በየዳገቱ ላይ ከኋላዬ ተፈናጥጦ የከረመው?
አሞርዛተሩ ያውቅ ነበር።
ያ «እህህ» እርጅና መስሎኝ፣ ስቆጣው፣ ስሰድበው፣
ኪሎዬን ነበር ለካ በየማለዳው የሚነግረኝ፣ ሳይሰለቸው።

ከታችኛው መሳቢያ አንዱን ፈልጋ አወጣች፣
በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣
ከተሰበረ ብስክሌት ተርፎ የዋለ።
ሁለት መቶ በሃምሳ ሰባት።
ሞላው ላይ ቁጥር አለ፤ አምስት መቶ ይላል።
«ለዚያ ለሰማንያ ሁለቱ ሰውዬ ይደርቅበታል፤
ላንተ ግን» አለች፣ «ይሆናል።»
ቡሹን አዲስ አስገባች። ስድሳ ፓውንድ ከፈልኩ፤
ለኢድዋል ምክር ምንም።

ግድግዳውን ይዤ ወጣሁበት፤ እሷ ተንበርክካ፣ ማስመሪያ ይዛ፣
«አሥራ አምስት ሚሊ ሰመጠ።»
ደነገጥኩ።
«መስመጥ አለበት» አለች፤
«ጉድጓድ ሲመጣ ጎማህ ወርዶ መሬት የሚነካው በዚያች ነው።
ምንም ያልሰመጠልህ፣ ገና አልተሸከመህም።»

ውጭ ይዘንባል፤ እኔው በሰነጠቅሁት ድንጋይ ላይ ይንቆረቆራል።
«ተነሣ» አልኩት በልቤ።
ተነሣ፤
አልጋውንም ተሸክሞ፣ በጥቁሩ ክምር መሀል ቁልቁል ሄደ።
አልጋው እኔ ነኝ፤
ዘጠና ሦስት ኪሎ፣
ጫማ ሳይጨምር።